በቡልጋሪያኛ ወደ እንጅባራ

ድሬዳዋ ውስጥ እንጅባራን የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም። ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ በየተራ እየመጡ «ለመሆኑ የት ነው? ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ማውራት ሰለቸኝና ጻፍኩት። ያላነበበ ሁለተኛ እንዳይጠይቀኝ።

ነገሩ በስልክ ነው የተጀመረው። አዳነ የሚባል የአዊ ሰው ለሥራ ድሬዳዋ ተመድቦ ሲኖር የግድግዳ ጎረቤቴ ነበር። በወጣትነቴ ቡልጋሪያ ተልኬ የምግብ ሙያ መማሬን፣ ስናደድ ደግሞ ብቻዬን በቡልጋሪያኛ እንደማጉረመርም በግድግዳው በኩል ሲሰማ ኖሯል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ደወለልኝ። «እትዬ ሮማን፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው» አለ።

የሚስቱ የአገርነሽ እናት ማርታ ስሎቫክ ናት። የደን ባለሙያ የነበረው ባሏ እዚያ ሲማር አግብቷት እንጅባራ አመጣት፤ እሷም እዚያው ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ባሏን ቀብራ ኖረች። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታት። ግማሽ አካሏን ያዘው፣ አማርኛዋንም ወሰደው። አሁን ከአፏ የሚወጣው ስሎቫክኛ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ሐኪሙ «ቋንቋው ጠፍቷል፣ ልቧም ደክሟል፣ ትንፋሽ ያጥራታል» ብሏቸዋል። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጇ ይርጋ ሐኪም ቅርብ ወደሆነበት ልውሰዳት ይላል። አገርነሽ ከቤቷ አትወጣም ትላለች። እህትና ወንድም በዚህ ተጣልተው ሰላምታ እስከመተው ደርሰዋል። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ «እሷ ያለችው ይሁን» ተባባሉ።

«ታዲያ ማን ይጠይቃት?» አለ አዳነ። «ስሎቫኪያ ያለው የእህቷ ልጅ በስልክ ቢያናግራት አለቀሰች እንጂ አንድ ቃል አልመለሰችም። ኔትወርኩም እንደሚያውቁት ነው። የእርስዎ ቡልጋሪያኛና የእሷ ቋንቋ አንድ ዘር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ይርጋ ቅዳሜ ሊወስዳት መኪና ይዞ ይመጣል።»

እኔ ስሎቫክኛ አንድም ቀን ተምሬ አላውቅም። ግን አንዲትን ሴት ሳይጠይቁ እንደ ዕቃ ሊጭኗት ነው ሲባል ደሜ ፈላ። «ሳልጠይቃት ከዚያ ቤት አትወጣም» አልኩት፤ ስልኩን ዘግቼ ሹራብ ፍለጋ ገባሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ሹራብ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ረቡዕ

በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። አየር ላይ ሳለሁ የማውቃቸውን ቃላት ስደረድር ነበር። ቡልጋሪያ ቋንቋ ያስተማረችን አሮጊት መምህርት «የስላቭ ቋንቋዎች ከአንድ እናት የወጡ ናቸው፤ ፊታቸውን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ጠባያቸው ይለያያል» ትለን ነበር። ውሃ ከእኛ ቡልጋሪያ እስከ ላይኛው ጫፍ ቮዳ ነው። ዳቦ ቡልጋሪያኛው ኽልያብ ነው፣ ሌሎቹም ኽሌብ፣ ኽሊየብ እያሉ ይጠሩታል። እሱስ የራሳቸው እንኳን አይደለም፤ ድሮ ከጀርመን ጎረቤቶቻቸው የተዋሱት ነው ትል ነበር። ለእኔ ይህ አዲስ ነገር አልሆነብኝም። እኛ ቤት ስንል የትግራይ ሰውም ቤት፣ ዓረቡ በይት ሲል እየሰማሁ ነው ድሬ ያደግሁት።

ከባሕር ዳር ዳንግላ በሚኒባስ ነው። ሙቀት ለምጄ ስለኖርኩ አየር ሳይነካኝ መቀመጥ አልችልምና ገና ከመነሃሪያው ሳንወጣ መስኮቱን ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት። ከፈትኩ፤ ዘጉ። «ንፋስ ይመታናል» አሉ።

«አንተ ደግሞ፣ ይሄን ሁሉ ጋቢ ለብሰህ የቱ ጋ ነው የሚመታህ?» አልኳቸው።

መኪናው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ አባ እኮ ትልቅ ሰው ናቸው» አለችኝ በቀስታ። ድሬዳዋ አባትንም፣ ቄሱንም፣ ሼኩንም አንተ ነው የምንለው፤ ንቀት የለበትም። ጎጃም ግን እንዲህ ያለው ነገር ጥፊ ነው። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የድሬ ሰው ነኝ» አልኩ። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፣ ቅንድባቸውም አብሮ ተነሳ። ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። ልጅቷ ሳቀች። «አዎ ማለታቸው ነው» አለች። ረስቼው ነው እንጂ አዳነም እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ እኛ ጋ አዎ ለማለት አፍ ይከፈታል፣ እዚህ አየር ይሳባል።

መስኮቱ እንደተዘጋ፣ ፍተሻ በደረስንበት ሁሉ እየወረድንና እየተሳፈርን ዳንግላ ሲመሽ ደረስን። ሽማግሌው የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሻንጣዬን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ከዝናቡ እየከለሉ፣ ዘመዳቸው አልጋ የምታከራይበት ቤት ድረስ ወሰዱኝ። «ሁለት ብርድ ልብስ ስጫት፤ ቆላ ለምዳ የመጣች ናት» ብለው አዘዙ። ሻይ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ቤታቸው ገና ሩቅ ነበር። እራቴ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ ሆነ። ጠቆር ያለ ነው፣ ቆምጠጥ ይላል፣ ሆድ ውስጥም ይቆያል። የድሬ እንጀራ ከዚህ ጋር ሲተያይ ወረቀት ነው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ።

ሐሙስ

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ መንገዱ ዳር ዛፍ በዛፍ ነው። ገበሬው እንደ እህል ዘርቶ፣ ቆርጦ፣ አክስሎ ይሸጠዋል። ከሰል ከጣሪያቸው በላይ የጫኑ መኪኖች እያለፉን ሄዱ። ድሬዳዋ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስገዛ የማለቅሰው ትዝ አለኝ። እንጅባራ ስንገባ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። አዳነ ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። በባጃጅ ወደ ቤቱ ስንሄድ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምቶ ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ እሱ በሸሚዝ ቀረ።

ቤቱ በቀርከሃ አጥር የተከበበ ነው፣ ከጀርባው የድንች ማሳና ግጦሽ አለው። አገርነሽ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ረዘም ያለች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ናት። «እንኳን በደህና መጡ» ብላ አቅፋኝ ቆየች።

ማርታ የተኛችበት ክፍል ጨለማ ነው። አልጋዋ ጥግ ላይ ተገፍቷል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ በምስማር ተመቷል። ንፋስ እንዳይገባ ነው። እኔ ከበር ላይ ነው ትንፋሽ ያጠረኝ። ነጭ ፀጉሯ እንደ አገሩ ሴቶች ተሠርቷል። ፊቷ በግማሽ ወርዷል፤ ቀኝ እጇ አይንቀሳቀስም። አጎንብሼ በቡልጋሪያኛ «ዶብር ደን» አልኳት፣ እንደምን ዋልሽ ለማለት።

ዓይኖቿ ተከፈቱ። «ዶብሪ ደኝ» አለች።

አገርነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ክረምቱን ሙሉ ሰው ለእናቷ ሰላምታ ሰጥቶ መልስ ሲያገኝ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ቮዳ?» አልኳት። «ቮዳ» አለችና ውሃውን ጠጣች። ልቤ በኩራት አበጠ፤ ነገ ጠይቄያት ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ።

ወዲያው ራሷ ተናገረች፤ «ቸርስትቪ ኽሊየብ»። ዳቦዋን አወቅኩት። ቸርስትፍ ደግሞ ቡልጋሪያኛ ነው፤ ያደረ፣ የደረቀ ዳቦ ማለት ነው። ሆዷን አሟት ይሆናል ብዬ ደረቅ ዳቦ አዘዝኩ። አገርነሽም ያደረውን ዳቦ እሳት ላይ ይበልጥ አድርቃ አመጣች። ማርታ በጤነኛ እጇ ዳሰሰችውና ወርውራ በሩን መታችው።

አዳነ ዳቦውን ከመሬት አነሳ። «የእርስዎ ቋንቋ ነው ወይስ የእሷ ነው የተበላሸው?» አለ። ሳቀብኝ፤ ሳትወድ አገርነሽም ሳቀች። እኔ ግን ተናደድኩ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ያንን ቃል ሳገላብጥ ቆየሁ። ሥሩ ጠንካራ ማለት መሆኑን መምህርቷ ነግራናለች። በእኛስ ሽማግሌ ጠንካራ ነው ሲባል ምስጋና፣ ዳቦ ጠንካራ ነው ሲባል ስድብ አይደለም? ቡልጋሪያዎቹ ስድቡን ወስደው፣ ስሎቫኮቹ ምስጋናውን ይዘው ቀርተው ይሆናል። ሴትዮዋ የጠየቀችው አዲስ፣ ብርቱ፣ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ነው።

ዓርብ

በጠዋት አዳነን ዳቦ ቤት ላክሁት። ትኩሱን ዳቦ ስሰጣት ማርታ መጀመሪያ አሸተተችው፣ ከዚያ በላች። ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች። አገርነሽ «በሥርዓት ከበላች ስንት ጊዜዋ» ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ስትጨርስ ማርታ «ኦክኖ» አለች። «ይኸው መጣ» አለች አገርነሽ። «በየጠዋቱ ነው የምትለው። ኦክስጅን እያለች ነው ብለን ይርጋ አዲስ አበባ ሲሊንደር እያፈላለገላት ነው። ትንፋሽ እንደሚያጥራት አዳነ አልነገረዎትም?»

እኔ የማውቀው ቡልጋሪያኛ ውስጥ ኦክኖ የሚባል ነገር የለም። ኦኮ ግን አለ፣ ዓይን ማለት ነው። መነጽሯን አምጥቼ ሰጠኋት፤ ገፋችው። ዓይኗን በሞቀ ውሃ ጠረግሁላት፤ ፊቷን አዞረች፣ «ኦክኖ» አለች ደግማ፣ አሁን በቁጣ። ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ዓይን። የማን ዓይን? ጨለማው ውስጥ ወንበር አደናቀፈኝና እግሬን መታኝ። ያኔ ገባኝ። ቡልጋሪያዎቹ ሌላ ስም አውጥተውለታል እንጂ፣ ቤትም ዓይን አለው።

ብርድ ልብሱን ከምስማሩ ጋር ነቀልኩት።

«ንፋስ ሊገድላት ነው!» አለች አገርነሽ። እጄን ያዘች። እውነቷን ነው የፈራችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በሽተኛ አጠገብ መስኮት እንደማይከፈት ነው የተማረችው። «ንፋስ ቢገድላት እኔን ክሰሽ አሳስሪኝ» አልኩና ከፈትኩት። አልጋውንም አዳነ ገፋልኝ።

ብርሃኑ ገባ። ጉሙ እየተነሳ ነበር። ከድንቹ ማሳ ወዲያ አንድ ቡላ ፈረስ ታስሮ ይግጣል። የሟቹ ባሏ ነው፤ በበዓል ቀን ሸልሞ ይወጣበት የነበረ። ማርታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ኩዎኝ» አለች። «ኮን» አልኳት በቡልጋሪያኛ። «ኩዎኝ» አለች እያረመችኝ፣ በግማሽ ፊቷም ሳቀች። ፈረስ በሁለታችንም አፍ ፈረስ ነበር። አገርነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። «ፈረሱን ልታይ ነው እንዴ ስትጮህ የከረመችው? እኛ መስኮቱን በምስማር መትተንባት» አለች።

ጊዜ አላጠፋሁም። እጇን ይዤ ዋናውን ጥያቄ አቀረብኩ። ልጅ በሁለታችንም ሲን ነው፣ ቤትም ዶም። ሲን፣ አዲስ አበባ፣ ዶም፣ እንጅባራ እያልኩ እጄን ወዲህና ወዲያ አወናጨፍኩ። እሷም መለሰች፤ ግን ረዥም ነው፣ ፈጣን ነው፣ ወንዝ ሆነብኝ። ሲን አለች፣ ዶም አለች፣ መሃሉን አልያዝኩትም። ትሂድ ትቅር አላወቅኩም። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ደግማ መለሰችልኝና እንባዋ መጣ። ውሃና ዳቦ የሚያሻግሩ ቃላት እዚህ ላይ ሲደርሱ ከዱኝ። ልቤ ተሰበረ። ግን አልተውኩም፤ ትንሽ ትረፍ ብዬ ወጣሁ።

አዳነ አየር እንድቀበል ዘንገና ሐይቅ ወሰደኝ። ሐይቁ ክብ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ደን ከቦታል፤ ማየት የፈለገ ሄዶ ይይ። እኔ የወደድኩት አዳነ በመንገድ የነገረኝን ነው። ወታደር ሳለ ከሰቆጣ የመጣ አገው ጓደኛ ነበረው። እሱ በአዊኛ፣ ጓደኛው በሰቆጣዎቹ ኽምጣንጋ እየተናገሩ ብዙም አይግባቡም፤ ሲቆጥሩ ግን ስድስት ላይ ሲደርሱ ሁለቱም እኩል «ወልታ» ይላሉ። «ሌላው ሲያቅተን ወልታ እንባባልና እንስቃለን» አለኝ። «ጠቀማችሁ?» አልኩት። «ምንም አልተነጋገርንበትም» አለ። «ግን አጠገቡ ነበር የምተኛው።»

ማታ ላይ ሁላችንም ማርታ አጠገብ ሆነን የአትክልት ሾርባ ስንጠጣ፣ አገርነሽ ቀምሳ «ጨው በዛበት አይደል?» አለች ባሏን።

ከአልጋው በኩል ትንፋሽ ሳብ አለ።

አገርነሽ ሳህኗን ጥላ ብድግ አለች። «ትንፋሿ! ትራሱን ከፍ አድርግ» አለችው አዳነን፣ እሱም ሮጠ። እኔ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ማርታን አየኋት፤ አልጨነቃትም፣ ደረቷ ጸጥ ብሏል፣ ሾርባውን እያየች ነው። በዚህ ቅጽበት የዳንግላው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። የማርታ ፊት ስለተያዘ ቅንድቧ አይነሳም፤ ትንፋሹ ብቻ ነው የቀረላት።

«ቆዩ፣ ተቀመጡ» አልኩ። ያን ሁሉ ቡልጋሪያኛዬን ጥዬ በአማርኛ ጠየቅኋት፤ «ማርታ፣ ሾርባው ጨው በዝቶበታል?»

ትንፋሿን ሳበች።

«ጨው አንሶታል?»

ዝም።

«ውጭ ያለው ፈረስ የባልሽ ነው?» ሳበች። «የእኔ ነው?» ዝም፤ የአፏ ጫፍ ግን ሳቀ።

አዳነ ትራሱን አቅፎ እንደቆመ «የጌታ ያለህ» አለ በሹክሹክታ። አማርኛው ከአፏ ነው የጠፋው፤ ከጆሮዋ አልጠፋም። እነሱ ግን ሐኪሙ ከተናገረ ወዲህ አንድ ነገር ጠይቀዋት አያውቁም። ስለ እሷ ያወራሉ፣ እሷን አያናግሩም። እሷ ደግሞ እንደ ማንኛዋም የእንጅባራ ሴት በሰማችው ሁሉ አዎ ስትል፣ ትንፋሽ አጠራት እያሉ ትራስ ሲያነሱ ከርመዋል።

ቅዳሜ

ይርጋ ደብረ ማርቆስ አድሮ ረፋድ ላይ ደረሰ። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እንቅልፍ ያጣ፣ እናቱን ለማስተኛት መኪናው ውስጥ ፍራሽ ያነጠፈ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ዓይኑ የእህቱ ዓይን ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ሲያይ እህቱን ገላመጣት። ነገሩን ብነግረው አላመነኝም። «እትዬ፣ አክብሬዎት ነው እንጂ፣ ሐኪሙ መርምሯት ነው የተናገረው» አለ።

«እሺ፣ ሐኪሙ እዚህ የለም፤ ራስህ ጠይቃት» አልኩት። አንተ ማለቴን ልብ አላለውም።

አልጋው ፊት ቆመ። እናቱን ማናገር እንደ ባዕድ ነገር ሆኖበታል። «እማ፣ እኔ ነኝ፣ ይርጋ። ትሰሚኛለሽ?»

ትንፋሿን ሳበች። ይርጋ ወደ እኔ ዞረ። ወደ እሷ ዙር እንጂ ወደ እኔ ምን አለ ብዬ በእጄ አመለከትኩት።

«ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ትሄጃለሽ?»

ማርታ ዓይኑን አየችው። ምንም አልሳበችም። ቆየ፣ ጠበቀ፣ ድጋሚ ጠየቀ፤ ምንም።

«እዚሁ ትቀሪያለሽ?»

ሳበች፤ ከአልጋው ርቄ ቆሜ እንኳን ሰማሁት። አገርነሽ ዓይኗን ጨፈነች። አሸነፈች፤ ፊቷ ግን ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። ይርጋ ራሱን ነቀነቀ። «ይሁን፣ እሷ ያለችው ይሁን ተባብለናል» አለ። ሊወጣ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ የማይንቀሳቀሰውን እጇን አነሳ።

«እማ» አለ። «እዚህ ራስጌሽ ቆመን ስንጣላ፣ እኔና እሷ ስንሰዳደብ፣ የት እንቅበራት ስንባባል... ያን ሁሉ ትሰሚ ነበር?»

ማርታ ልጆቿን ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ትንፋሿን ሳበች።

አገርነሽ መጥታ ወንድሟ አጠገብ ተንበረከከች። እኔና አዳነ ወጣን። ማድ ቤት ገብቼ ለምሳ የተዘጋጀውን ድንች መላጥ ጀመርኩ፤ እሱም ቢላዋ አንስቶ አገዘኝ። ማድ ቤቱ ከማርታ መስኮት ጎን ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ክፍት ነበር። ይርጋ ስለ ልጆቹ ሲያወራ ይሰማናል። ትንሿ ጥርሷን እንደነቀለች፣ ትልቁ ሒሳብ እንደከበደው ይነግራታል። ትንሽ ያወራና ያቆማል። ትንፋሹ ሳብ ይላል። ይቀጥላል።